አሮጌ ካሴት በአዲስ ማሽን፦ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

ጠረጴዛው ሞልቷል። ግራጫዎቹ የኒንቴንዶ ቪዲዮ ጌም ካሴቶች፣ አንድ ወርቃማ ዜልዳ፣ ጥቂት ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ጥቁሮቹ የሴጋ ጀነሲስ፣ ትንንሾቹ የጌም ቦይ። አብዛኞቹን እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሰዎች በራቸው ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ዕቃና ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች በርካሽ የለቃቀምኳቸው ናቸው። ዳር ላይ በፌስታል የታሰሩት ቢጫዎቹ ግን ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ታናሽ ወንድሜ ቤት ሲያጸዳ አግኝቶ በሰው ላካቸው። በርበሬና ሽሮ መሃል ተሸጉጠው ነው የመጡት። አሁንም ይሸታሉ።

የተያዘው ሥራ ይህን ሁሉ ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ማጫወት ነው። ቴሌቪዥኑ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ የሚሰካበት ቦታ የለውም። ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው። የድሮ ኮንሶሎችን፣ ማለትም ካሴቶቹ የሚሰኩባቸውን የጌም ማሽኖች፣ አንድ በአንድ መግዛት፣ ለእያንዳንዱ መቀየሪያ መፈለግ፣ ከዚያ ገመድ ሲረግጡ መዋል አላማረኝም። ስለዚህ ብዙ ዓይነት ካሴት የሚቀበል አንድ ማሽን ገዛሁ።

የማሽኑን ስም አልጽፍም። ያገለገለ ስለሆነ ችግር ቢያሳይ ከፋብሪካው ይሁን ከቀድሞው ባለቤት አይታወቅም። አምስት ቀዳዳ አለው፤ ለአሜሪካው ኒንቴንዶ፣ ለጃፓኑ ፋሚኮም፣ ለሱፐር ኒንቴንዶ፣ ለጀነሲስ እና ለጌም ቦይ ቤተሰብ። ከዚህ በኋላ «ትልቁ ማሽን» እለዋለሁ።

ስለ ዓይነታቸው ትንሽ ልበል። ገበያው ላይ ሁሉም «ሬትሮ ኮንሶል» እየተባለ ይሸጣል፤ ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። ርካሾቹ ውስጥ የድሮው ኮንሶል ሙሉ ሆድ ዕቃ ወደ አንድ ቺፕ ተጨምቋል። ካሴቱን እንደ ድሮው በቀጥታ ያጫውቱታል። ድምፁና ቀለሙ ግን ብዙ ጊዜ ይዛባል። ሁለተኞቹ ኮምፒውተሮች ናቸው። ካሴቱን አንብበው ወደ ራሳቸው ሜሞሪ ይገለብጡትና በኢሙሌተር፣ የድሮውን ኮንሶል በሚያስመስል ፕሮግራም፣ ያጫውቱታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሬትሮን 5፣ በ2015 ጃፓን ውስጥ የወጣው ሬትሮ ፍሪክ፣ በ2021 የመጣው ፖሊሜጋ ከዚህ ወገን ናቸው። ሬትሮን 5 ሲወጣ ሬትሮአርክ የተባለው የኢሙሌተር ፕሮግራም አዘጋጆች፣ ፈቃዳቸው ለንግድ መዋልን የሚከለክል ኢሙሌተሮች ውስጡ ገብተው እየተሸጡ ነው ብለው በይፋ ወቅሰውት ነበር። ሦስተኞቹ ኤፍፒጂኤ የሚባል ቺፕ አላቸው። ይህ ቺፕ ሰርኪዩቱ እንደ አዲስ ሊዋቀር ይችላል፤ የድሮውን ኮንሶል ሰርኪዩት እንዲመስል ያደርጉታል። አናሎግ የተባለው ኩባንያ ሱፐር ኤንቲን በ2018፣ ሜጋ ኤስጂን በ2019 ሲያወጣ እያንዳንዳቸው 190 ዶላር ገደማ ነበሩ። አሪፍ ናቸው፤ ክፋታቸው እያንዳንዱ ለአንድ የኮንሶል ቤተሰብ መሆኑ ነው። የኔ ክምር ድብልቅ ነው። ኪሴም ያው የታወቀ ነው።

የእኔ ትልቁ ማሽን ሁለተኛው ዓይነት ነው። ይህን ማወቁ ኋላ ላይ ብዙ ነገር ያስረዳል።

ቅዳሜ ማታ

ሶኒክ 2ን አስቀደምኩ። ቀዳዳው ካሴቱን አንቆ ያዘው፤ ለመንቀል በሁለት እጅ መታገል ያስፈልጋል። ግን ሠራ። የጌሙ ስም በራሱ ብቅ አለ፣ ጀምር የሚለውን ተጫንኩ፣ ያ «ሴጋ» የሚለው ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። የ1992 ካሴት ነው። ማን ቤት፣ ስንት ምድር ቤት ሲንገላታ ኖሮ እንደሆነ እንጃ፣ አሁንም አለ።

ለሙከራ ጌሙ እየሄደ ሳለ ካሴቱን ነቀልኩት። ወዲያው ቆመ። የሚጫወተው ውስጥ ያለው ኮፒ ነው፤ ካሴቱ የሚያስፈልገው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ ማሽኑ ካሴቱ ቦታው መኖሩን ይቆጣጠራል። የተዋስከውን ካሴት ገልብጠህ እንዳትመልስ ነው ነገሩ። ሬትሮ ፍሪክ እዚህ ላይ ለቀቅ ያለ ነው፤ የገለበጠውን በሜሞሪ ካርድ ላይ ያስቀምጣል።

ቀጥሎ ማሪዮና ደክ ሀንት አንድ ላይ ያሉበትን ግራጫ ካሴት ሰካሁ። «ያልታወቀ ካሴት» አለኝ። ነቅዬ መለስኩ። ያው ነው። ዜልዳም ወይ ፍንክች። ከሱፐር ኒንቴንዶዎቹ ሱፐር ማሪዮ ወርልድ ገባ፣ ማሪዮ ካርት እምቢ አለ። የጌም ቦዩ ቀይ ፖኬሞን ገባ።

የኒንቴንዶዎቹ አስቸጋሪነት ምክንያት አለው። የጀነሲስ ካሴት መጀመሪያው ላይ ሴጋ የሚል ጽሑፍና የጌሙ ስም አለበት። የሱፐር ኒንቴንዶውም የጌም ቦዩም እንዲሁ መታወቂያቸውን ውስጣቸው ይዘው ይዞራሉ። የመጀመሪያው ኒንቴንዶ ግን ምንም የለውም። ማሽኑ ያነበበውን ይዞ፣ የሚያውቃቸው ጌሞች ከተዘረዘሩበት ውስጡ ካለው መዝገብ ጋር ያመሳክራል። አንድ ነጥብ ከተዛባ አይገናኝም። የሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ጌም ለብቻው 40 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልክ ከምንላላከው ፎቶ ያንሳል። ከካሴቱ ሥር ካሉት የብረት መገናኛ ጥርሶች አንዱ ቆሽሾ ከዚያች ውስጥ አንድ ቢት ከተሳሳተ መዝገቡ «አላውቀውም» ይላል።

የድሮው ኮንሶል እንዲህ አያካብድም ነበር። የቆሸሸ ካሴት ብታጎርሰው የተበጣጠሰ ሥዕል እያሳየም ቢሆን ለመጫወት ይሞክራል። ይሄኛው ወይ ሙሉ በሙሉ ይቀበላል ወይ አይቀበልም።

እሑድ

የጽዳት ቀን።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ የጆሮ ጥጥ፣ እና 3.8 ሚሊሜትር የሆነ ልዩ ካቻቪቴ። የኒንቴንዶ፣ የሱፐር ኒንቴንዶና የድሮው ጌም ቦይ ካሴት ብሎኖች ጭንቅላታቸው ወደ ላይ የወጣ ባለ ስድስት ጉብታ ስለሆነ በተለመደው ካቻቪቴ አይፈቱም። የጌም ቦይ አድቫንሱ ደግሞ ባለ ሦስት ክንፍ ነው የሚፈልገው። ሁለቱም በኦንላይን በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። ብእር አቅልጦ እላዩ ላይ ማተም የሚባል ዘዴ አለ፤ ባይሞከር ይሻላል፣ ፕላስቲኩ ብሎኑ ላይ ይቀራል።

ማሪዮውን ፈታሁ። ውስጡ ገርሞኝ አያውቅም ማለት አልችልም፦ ካሴቱ ትልቅ፣ ቦርዱ ትንሽ። ከግማሽ በላዩ ባዶ አየር ነው። ጥጡን በአልኮል ነክሬ ጥርሶቹ ላይ ከላይ ወደ ታች ሳብኩት። ከግራ ወደ ቀኝ አይደለም፤ እንደዚያ ከሆነ ቆሻሻው ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ይሻገራል። የመጀመሪያው ጥጥ እንደ ከሰል ጠቆረ። ቀየርኩ። ሁለተኛው ቡናማ ሆነ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ቀጠልኩና ቦርዱን ማድረቂያ ጨርቅ ላይ ተውኩት። ዜልዳው ላይ ሁለት ጥርሶች መሃል አረንጓዴ ዝገት ነበር። ለእሱ ብቻ ነጭ ላጲስ በጣም ቀስ ብዬ አሳረፍኩበት። ላጲስን ለሁሉም የሚጠቀሙ አሉ። እኔ አልወደውም፤ እላዩ ላይ ያለው የወርቅ ቅብ ስስ ነው፣ ይፋቃል።

«እፍ» ስለማለት። ሁላችንም ብለነዋል። አዲስ አበባም፣ እዚህም፣ የትም። የሠራ የሚመስለን ካሴቱን አውጥተን ስንመልስ ጥርሶቹ በአዲስ ቦታ ስለሚነካኩ ነው። ትንፋሹ የሚጨምረው እርጥበት ብቻ ነው፤ ያ አረንጓዴ ዝገት ከየት መጣ ለሚል ሰው አንዱ መልስ እሱ ነው። የአሜሪካው ኒንቴንዶ በተለይ ያስቸግር ነበር። ካሴቱ ገብቶ ወደ ታች የሚጫንበት ባለ 72 ጥርስ ቀዳዳው በጊዜ ብዛት ይላላል። ውስጡ ደግሞ ካሴቱ ፈቃድ ያለው መሆኑን የሚፈትሽ ቺፕ አለ። ንክኪው ሲላላ ቺፑ ካሴቱን ስለማያገኘው ኮንሶሉን በየሰከንዱ ያስነሳዋል። ያ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው። አዲሶቹ ማሽኖች ይህን ፍተሻ አያደርጉም። አንድ ራስ ምታት ቀነሰ።

ከጽዳት በኋላ ማሪዮው በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። ማሪዮ ካርትም ገባ። ዜልዳው ስሙ መጣ፣ ግን ሌላ ሥራ አለበት።

እግረ መንገዴን፣ ካሴት እየቀያየሩ መጫወት የሚለውን ነገር ለገበያ ያበቃው በ1976 የወጣው ፌርቻይልድ ቻናል ኤፍ ነው። ሥራውን የመራው መሐንዲስ ጄሪ ሎውሰን የሚባል የብሩክሊን ልጅ፣ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። አታሪ 2600 የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ስሙን የማውቀው ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ ከዚያ በፊት ይህ ሁሉ ከጃፓን የወረደ ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ ማታ

ዜልዳ። አሜሪካ ውስጥ በ1987 የወጣው። ጃፓን ላይ በዲስክ ነበር የተሸጠው፤ ለአሜሪካ ወደ ካሴት ሲመጣ ጌሙን ሴቭ የሚያደርጉበት መንገድ ስላስፈለገ ካሴቱ ውስጥ ባትሪ ከተቱ። ሳንቲም የምታክለዋ ሲአር2032 ናት፤ መኪና ቁልፍ ውስጥ ያለችው ዓይነት። ሥራዋ ትንሿን ሜሞሪ እንዳትረሳ በሕይወት ማቆየት ብቻ ነው። ስትሞት ሴቩ አብሮ ይሞታል። ጌሙ ራሱ ምንም አይሆንም።

ስከፍተው ሴቭ ነበረበት። የማላውቀው ልጅ ስም። ስም ሲጻፍ ስምንት ፊደል ነው የሚፈቀደው፣ ልጁ ሁሉንም ተጠቅሟል። ጎኑ ላይ የልብ ምልክቶቹ ተደርድረዋል፣ ከስሙ ሥር ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሞተ ይቆጠራል። ብዙ ሞቷል። ግን ሩቅ ሄዷል፤ ልቦቹ ሊሞሉ ጥቂት ነው የቀሩት። ይሄን አጥፍቶ መጀመር ከበደኝ።

እዚህ ላይ የትልቁ ማሽን ጥሩ ጎን ታየ። ካሴቱን ሲያነብ ሴቩንም አብሮ ይገለብጣል፣ ኋላም ወደ ካሴቱ መልሶ መጻፍ ይችላል። ሴቩን ወደ ሜሞሪ ካርድ አወጣሁና ቦርዱን ይዤ ወደ ኩሽና ጠረጴዛ ሄድኩ።

ቴስተሩ ባትሪው ላይ ከሁለት ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ አሳየኝ። አዲስ ባትሪ ሦስት ነው። ማለትም ልትሞት ነበር። ባትሪዋ በሁለት የብረት ምላሶች ቦርዱ ላይ ተበይዳለች። አዲሷን ስገዛ ምላስ ያላትን ነው ያዘዝኩት። ባዶዋን ባትሪ ገዝቶ በቀጥታ እላይዋ ላይ መበየድ አደገኛ ነው፤ ሊቲየም ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። ሊዱን አቅልጬ አሮጌዋን በፒንሳ ሳብኳት። አንዱ ቀዳዳ ሊድ ሞልቶ ቀረ። በሊድ መምጠጫው ደጋግሜ ጠረግኩት። ፕላሱን ከቦርዱ ምልክት ጋር አስተያይቼ አዲሷን አስገባሁ፣ በየድኩ፣ ቴስተሩን መለስኩ። ሦስት ቮልትና ጥቂት። የተበየደው ቦታ ያብረቀርቃል። ደህና ነው።

ከዚያ የልጁን ሴቭ ወደ ካሴቱ መለስኩት። ከማሽኑ ላይ ኮፒውን አጠፋሁ፣ ካሴቱን ነቅዬ አሳደርኩት።

ረቡዕ ጠዋት ሰካሁት። ስሙ አለ። ሞቱም አለ።

አንድ ነገር፦ በድሮው ኮንሶል ዜልዳን ስታጠፋ ሪሴቱን ተጭነህ ይዘህ ነበር ፓወሩን የምትዘጋው። ጌሙ ራሱ ይነግርሃል። ኤሌክትሪኩ ሲወርድ ኮንሶሉ ተወዛግቦ ሴቩ ላይ ቆሻሻ እንዳይጽፍ ነው። በትልቁ ማሽን ግን የምትጫወተው ኮፒው ላይ ስለሆነ ይህ አያሳስብም።

ቀዩ ፖኬሞንም ተራውን ይጠብቃል። የፖኬሞን ካሴቶች ባትሪ መጠን ከካሴት ካሴት ስለሚለያይ ከፍቼ ቁጥሩን ሳላይ አላዝም።

ሐሙስ

ቢጫዎቹ።

እነዚህ ፋሚኮም የሚባለው የጃፓኑ ኒንቴንዶ ቅርፅ ያላቸው ባለ 60 ጥርስ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ «ቲቪ ጌም» የምንለው ማሽን ፋሚኮምን ገልብጦ የተሠራ ነበር። ካሴቱ ላይ «9999 በ 1» ይላል። ከአሥር ሺህ አንድ ጎደለው ማለት ነው! እንደከፈትከው ዝርዝሩ ይመጣል፤ ሦስት አራት ገጽ ከሄድክ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጌሞች በሌላ ስም ይመለሳሉ። አንዱ ከሁለተኛው ደረጃ ይጀምራል፣ አንዱ ብዙ ነፍስ ይሰጥሃል። እኛ ግን ሁሉንም ቁጥሮች አንድ በአንድ የሞከርን ሰዎች ነን።

ትልቁ ማሽን የፋሚኮም ቀዳዳ አለው። ቅርፁ ገጠመ፣ ገባ። አንዱም አልታወቀም። አጸዳሁ፣ ደገምኩ። ወይ ንቅንቅ።

አንዱን ከፈትኩት። ውስጡ መደበኛ ቺፕ የለም። ቦርዱ ላይ ጥቁር ሙጫ ጠብ ተደርጎበታል፣ ቺፑ ከሙጫው ሥር ነው። ርካሽ አሠራር ነው፤ ቢሰበርም አይጠገንም። ችግሩ ግን ሙጫው አይደለም። የድሮው ኒንቴንዶ በአንድ ጊዜ የሚያየው የጌሙን ጥቂት ክፍል ነው። ጌሙ ትልቅ ሲሆን ካሴቱ ውስጥ ያለ ቺፕ ገጾቹን ይገለባብጥለታል። ሱፐር ማሪዮ 3 ኤምኤምሲ3 የሚባለውን ይጠቀማል። ኢሙሌተሩ ካሴቱን ለመገልበጥም ለማጫወትም የገጽ አገላለባበጡን ሥርዓት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ያ ደግሞ ካሴቱ ላይ አልተጻፈም፤ መዝገብ ላይ ነው ያለው። የቢጫዎቹን ሥርዓት ያወጣው ስሙ የማይታወቅ ፋብሪካ ነው። መዝገብ ውስጥ የለም፣ በቃ።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓይነት፣ ርካሹን ፈለግኩ። ከትልቁ ማሽን ዋጋ ሩብ የማይሞላ፣ ኤችዲኤምአይ ያለው፣ የኒንቴንዶ ብቻ የሆነ። ቀዳዳው ባለ 72 ነው፣ ቢጫዎቹ ባለ 60። መሃላቸው አስማሚ ገባ። ይህ አስማሚ አዲስ ነገር አይደለም፤ ኒንቴንዶ ራሱ በ1985 አሜሪካ ሲገባ አንዳንድ የጃይሮማይት ካሴቶች ውስጥ የጃፓኑን ቦርድ ከእንዲህ ዓይነት አስማሚ ጋር ከቶ ሸጧል። አስማሚውን ፍለጋ ጃይሮማይት የሚፈቱ ሰዎች አሉ። የኔው የቻይና ነው።

ሰካሁ፣ ፓወር ተጫንኩ። ዝርዝሩ መጣ፣ ያ ሙዚቃ አብሮ።

ርካሹ ማሽን ስለ መዝገብ ምኑም አይደለም። ካሴቱ የሚለውን ይሰማል፣ ይሠራል። ፈቃድ የሌለው ካሴት ፈቃድ በሌለው ቺፕ ላይ ያለ ምንም ጥያቄ ሄደ። ቀለሙ ትንሽ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ድምፁ ላይም አንዳንድ ቦታ የሚጮህ ነገር አለ። ቢሆንም ኮንትራ ገባ፣ ታንኩ ገባ፣ ሰርከሱ ገባ።

ወንድሜ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። እዚያ ሌሊት ነበር።

«አንተ ሰው፣ ለዚህ ነው የቀሰቀስከኝ?» አለ። ትንሽ ቆይቶ፦ «ቆይ ቆይ፣ 47ን ክፈት እስኪ።»

ከፈትኩ። የምን ጌም እንደሆነ በቁጥሩ ያስታውሳል።

«ይኸው። ስንት ነው ማሽኑ?»

ነገርኩት።

«አንድ ላክልኝ። ትልቁን አልፈልግም፤ ርካሹን።»

አዳፕተሩን አየሁ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል፣ አዲስ አበባም ይሠራል። ሰው ሲሄድ እልካለሁ።

ቅዳሜ

የእህቴ ልጅ መጣ። ደክ ሀንትን ሲያይ «ሽጉጡ የታለ?» አለ። ሽጉጡ አለኝ፣ ብርቱካናማው። ትልቁ ማሽን ላይ የኒንቴንዶ ጆይስቲክ መሰኪያ ስላለ ሽጉጡም ይገባል። ዳክዬዎቹ ግን አንድም አይወድቁም።

ልጁ ባትሪ አልቆ ነው ወይ አለ። አይደለም። ሽጉጡ ጥይት አይተኩስም፣ ያያል። ቃታውን ስትስብ ጌሙ ስክሪኑን ለቅጽበት ያጠቁርና ዳክዬው ባለበት ነጭ ሳጥን ይስላል። ሽጉጡ አፉ ላይ ያለው ዓይን ነጩን ካየ መታህ ይባላል። የድሮው ሆዳም ቴሌቪዥን ሥዕሉን መስመር በመስመር ወዲያው ነው የሚያወጣው። አዲሱ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ተቀብሎ፣ አሳምሮ፣ ከዚያ ያሳያል። ነጩ ሳጥን ሲደርስ ጌሙ ፍለጋውን ጨርሷል። የሽጉጡ ዓይንም የድሮውን ቴሌቪዥን ብልጭታ ብቻ እንዲለይ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ብትነካካም ለውጥ የለም።

«ታዲያ ለምን አስቀመጥከው አጎቴ?» አለ።

መልስ አልነበረኝም። ዳክዬው ባመለጠን ጊዜ ጌሙ ውስጥ ያለው ውሻ በሳቀብን ቁጥር ግን እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

የዘገየው ነገር ማሪዮ ላይም ይታያል። ትዘላለህ፣ ትንሽ ቆይቶ ይዘላል። ቴሌቪዥኑ ላይ «ጌም ሞድ» የሚል አለ፤ እሱን ሳበራ በጣም ተሻለ። ሌላው የሥዕሉ ቅርፅ ነው። ልጁ ሙሉ ስክሪን ካልሆነ ብሎ 16 በ9 አደረገው፣ ማሪዮ አጭርና ወፍራም ሆነ። ጌሞቹ የተሳሉት ለ4 በ3 ነው። ግራና ቀኝ ጥቁር ይቅር፣ አልኩ። አኮረፈ፣ ግን ተጫወተ።

ማሪዮን ወደ 50 ኸርዝ ቀይሬም ሞከርኩት። የአሜሪካና የጃፓን ቴሌቪዥን በሰከንድ 60 ጊዜ ነበር ሥዕል የሚያድሰው፤ ፓል የሚባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚጠቀሙት አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ 50። ለፓል የተሠራ ማሽን ላይ የአሜሪካውን ወይም የጃፓኑን ጌም ስታስገባ ጌሙም ሙዚቃውም አንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገያል። ሰማሁት። ሙዚቃው ዝግ ሲል ጆሮዬ ወዲያው «ልክ ነው» አለ። ልጁ «ምን ሆነ፣ ተበላሸ?» አለ። ወደ 60 መለስኩለት። ለብቻዬ ስሆን 50 ነው።

ሰኞ

ፖኬሞን ኤመራልድ፣ የጌም ቦይ አድቫንስ ጌም። ከአንድ ሻጭ በኦንላይን ነው የገዛሁት፣ ዋጋው ለማመን የሚያስቸግር ርካሽ ነበር። ትልቁ ማሽን ላይ ገባ፣ ተጫወትኩ፣ ሴቭ አደረግኩ። ሴቩን ወደ ካሴቱ ጽፌ ስመለስ የለም።

ሐሰተኛ ነው። ምልክቶቹ ቀላል ናቸው። እውነተኛው ላይ የፊት ወረቀቱ ጠርዝ አካባቢ በጭፍለቃ የታተመ ትንሽ ቁጥር አለ፤ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገህ ታየዋለህ። በእኔው ላይ የለም። ካሴቱን ከሥር ስታየው ከጥርሶቹ በላይ ቦርዱ ላይ ኒንቴንዶ የሚል ጽሑፍ መታየት አለበት። የለም። ወረቀቱም ከልክ በላይ ያብረቀርቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ግን ባትሪው ላይ ነው። እውነተኛው ኤመራልድ ሲከፈት «የውስጥ ባትሪው አልቋል» ቢል ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። እዚህ ጌም ላይ ባትሪው ሰዓቱን ብቻ ነው የሚያስሄደው፣ ሴቩ ባትሪ የማይፈልግ ሜሞሪ ላይ ነው። ባትሪው ያለቀ እውነተኛ ካሴት ሴቩን ይይዛል። የእኔው ግን ሁለቱንም አያውቅም። ሻጩ ገንዘቤን መለሰ፣ ካሴቱን አልፈልገውም አለ። ለምን እንደማይፈልገው ግልጽ ነው።

ረቡዕ

ቦታ ማስያዝ። ካሴቶቹን ካጸዳሁ በኋላ ጀርባቸው ላይ ትንሽ ክብ ወረቀት ለጠፍኩ። ሰማያዊ ለትልቁ ማሽን፣ ቀይ ለርካሹ። ወረቀቱ ላይ ባትሪ ያላቸውን ለይቼ የተቀየረበትን ዓመት ጻፍኩ፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው እኔ ላልሆን እችላለሁ።

ሁለቱም ማሽኖች ቴሌቪዥኑ ላይ በየራሳቸው ኤችዲኤምአይ ተሰክተዋል። አንድ ብቻ የሆነ ማሽን ሁሉንም ያጫውትልኛል ብዬ ነበር የተነሳሁት። አልሆነም፣ ግን ሁለት ሳጥንና ሁለት ገመድ ነው፤ ስድስት አይደለም።

የቀረኝ፦ የቀዩን ፖኬሞን ባትሪ መቀየር። ከዚያ ማስተር ሲስተም፣ ከጀነሲስ በፊት የነበረው የሴጋ ኮንሶል። የድሮው ጀነሲስ ውስጥ የማስተር ሲስተሙ ፕሮሰሰር፣ ዚ80፣ ስለነበረ ሴጋ የሸጠው አስማሚ በአብዛኛው ገመድ ከገመድ የሚያገናኝ ብቻ ነበር። በትልቁ ማሽን ላይ ይሠራል አይሠራም የሚለውን ለመሞከር መጀመሪያ አስማሚው ያስፈልገኛል። አንድ ያገለገለ አይቻለሁ፤ ሻጩ ዋጋ እስኪቀንስ እየጠበቅኩ ነው።